ሕግ እያስተማርኩ በንቅናቄ ውስጥ መቆየት እችላለሁ?

ጥያቄው፦ «በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ከሥራ ውጪ ጠለፋንና ያለዕድሜ ጋብቻን ከሚቃወሙ ሴቶች ጋር እሠራለሁ። ገጠር እንወርዳለን፣ ፍርድ ቤት ደጅ እንጠናለን፣ አንዳንዴም ሰልፍ እንወጣለን። በቅርቡ የትምህርት ክፍል ኃላፊዬ ጠርተው ‹ወይ ምሁር ሁኚ፣ ወይ አክቲቪስት› አሉኝ። የንቅናቄው ጓደኞቼ ደግሞ ‹አንቺ ወረቀት ስትጽፊ ልጆቹ እየተዳሩ ነው› ይሉኛል። ሁለቱንም መተው አልፈልግም። ይዞ መዝለቅ ይቻላል ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው? እርስዎ እንዴት አደረጉት?»

መልስ፦

እህቴ፣ ይቻላል። ራስሽን እያታለልሽ አይደለም። ግን የጠየቅሽበት መንገድ ትንሽ ያሳስበኛል። ሁለት የተለያየ ሥራ እንዳለሽ፣ ከአንዱ ሰዓት ቀንሰሽ ለሌላው እንደምትሰጪ አድርገሽ ነው ያየሽው። እንደዚያ ከያዝሽው ይደክምሻል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት እንደዚያ ነው። ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ ስብሰባ እገባለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ወረዳ እወርዳለሁ። ምርምሬ ግን ከዚህ ሁሉ ጋር የማይገናኝ የንግድ ሕግ ርዕስ ነበር። የማያነካካ ርዕስ መያዝ ያስከብራል ብዬ አስቤ ነው። ውጤቱ ሁለቱም ጎዶሎ ሆኑብኝ።

የለወጠኝ አንድ መዝገብ ነው። በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላችን በኩል የመጣ የጠለፋ ጉዳይ ነበር። ወረዳ ፍርድ ቤቱ «ወገኖች በሽማግሌ ታርቀዋል» ብሎ ዘግቶታል። የውሳኔውን ግልባጭ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ የወንጀል ተጠያቂነትን እንደማያስቀር በግልጽ ይናገራል። ዳኛው ድንጋጌውን አልተቃወሙትም። ጭራሽ አላነሱትም። ዐቃቤ ሕጉም አላነሳም። ሌሎች መዝገቦችን ጠየቅሁ። እነሱም ተመሳሳይ ነበሩ።

ንቅናቄው ውስጥ ያሉት እናቶች ለዓመታት «ለምንድን ነው የሚለቀቁት?» ሲሉ እሰማ ነበር። የሰማሁት እንደ እሮሮ ነው። ለካ የምርምር ጥያቄ ነበር፣ ያውም ከንግድ ሕጉ ርዕሴ አሥር እጥፍ የሚከብድ። አንድ ድንጋጌ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወረዳ ሲደርስ የት ነው የሚጠፋው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሥራ የለኝም። ንቅናቄው ጥያቄውን ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ ሌላው ጊዜ የሌለውን ነገር አደርጋለሁ፤ ቁጭ ብዬ መዝገብ አነባለሁ።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው የሕንድ ምሳሌ ነው፤ በደንብ ልንገርሽ።

በ1972 እ.ኤ.አ. በማሃራሽትራ ግዛት አንዲት የጎሳ ተወላጅ ድኻ ልጅ በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በሁለት ፖሊሶች መደፈሯን ተናገረች። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበታቸው። የይግባኙ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላቸው። በ1978 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደገና ነፃ ለቀቃቸው። ምክንያቱ ምን መሰለሽ? ሰውነቷ ላይ የጉዳት ምልክት የለም፣ አልታገለችም፣ ስለዚህ ፈቅዳለች ነው። ፍርዱ ወጣ፣ በሕግ መጽሔት ታተመ። ጉዳዩ እዚያው ተዘግቶ ሊቀር ይችል ነበር።

አራት የሕግ መምህራን ግን አነበቡት። ኡፔንድራ ባክሲ፣ ሎቲካ ሳርካር፣ ራጉናት ኬልካርና ቫሱዳ ዳጋምዋር ይባላሉ። በመስከረም 1979 እ.ኤ.አ. ለዋና ዳኛው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ስድብ የለበትም። የሚያደርገው የሕግ መምህር ክፍል ውስጥ የሚያደርገውን ነው። ፍርዱን ይዞ፣ ማስረጃው እዚህ ጋ ምን ይላል፣ እናንተ ምን አላችሁ፣ መሃል ላይ ያለው ክፍተት የት ነው እያለ ይሄዳል። መፍቀድና እጅ መስጠት አንድ አይደሉም፤ የፈቀደ ሰው እጅ ይሰጣል፣ እጅ የሰጠ ሁሉ ግን አልፈቀደም ይላል። ሌሊት፣ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ፣ ሁለት ፖሊሶች ፊት ያለች ልጅ እንዴት ነው የምትታገለው ብሎ ይጠይቃል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አልለወጠም። በ1980 መጀመሪያ ግን ሴቶች በቦምቤይና በሌሎች ከተሞች ሰልፍ ወጡ። አዳዲስ የሴቶች ማኅበራት ተቋቋሙ። በ1983 ሕጉ ተሻሻለ። በፖሊስ ወይም በሌላ ባለሥልጣን ጥበቃ ሥር ሳለች የተደፈረች ሴት አልፈቀድኩም ካለች፣ ፍርድ ቤቱ እንዳልፈቀደች ይገምታል የሚል ድንጋጌ ገባ። ከደብዳቤው እስከ ሕጉ አራት ዓመት ነው።

እንግዲህ ለኃላፊሽ ጥያቄ አራቱ ምን ብለው ይመልሱ ነበር? ደብዳቤው ምሁርነት ነው ወይስ አክቲቪዝም? እኔ መለየት አልቻልኩም። ኃይሉ የመጣው ምሁራዊ በመሆኑ ነው። ሴቶቹ ቁጣው ነበራቸው፤ ቁጣ ለመማር ፕሮፌሰር አያስፈልጋቸውም። የጎደላቸው ፍርዱ በራሱ በሕጉ ሚዛን ስህተት መሆኑን መስመር በመስመር የሚያሳይ ሰው ነበር። አራቱ መምህራንም ያለ ሴቶቹ ደብዳቤ ጽፈው ይቀሩ ነበር።

ወደ አገራችን ልምጣ። አንቺ ዛሬ የምታስተምሪው አንቀጽ 587 ከሰማይ አልወረደም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋ ቢበዛ የሦስት ዓመት እስራት ነበር የሚያስቀጣው። ያውም ተጠላፊዋ ጠላፊዋን «በፈቃዷ» ካገባችው ክሱ ይቀራል። ቤት ተዘግቶባት፣ ክብረ ንጽሕናዋ ተወስዶ፣ ሽማግሌ ተልኮ የሚገኝ ፈቃድ ነው እንግዲህ። በፍትሐ ብሔር ሕጉም ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይህን ለመለወጥ ተነሳ። መሥራቿ መዓዛ አሸናፊ ቀደም ሲል ዳኛ ነበሩ፤ ኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ማኅበሩ ያደረገውን ልብ በይ። በአንድ በኩል ችሎት ገባ። የ14 ዓመት ተጠላፊ ጠላፊዋን በመግደል ተከስሳ ስትቀርብ ጠበቃ ቆመላት፤ ራሷን በመከላከሏ ነፃ ወጣች። በሌላ በኩል ሕጎቹን አንቀጽ በአንቀጽ አጥንቶ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጩትን ለቅሞ አወጣ። ሰልፍም ወጣ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ሆነ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ የጠለፋን ቅጣት ከሦስት እስከ አሥር ዓመት አደረገው፤ በጋብቻ የማምለጫውንም በር ዘጋ።

ያልተዘጋም በር አለ። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 አሁንም «ከጋብቻ ውጪ» የሚል ቃል ይዟል፤ ባል ሚስቱን ቢደፍር በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም ማለት ነው። ለአንቺ ትውልድ የቀረ የቤት ሥራ ነው፤ ይህንን ለተማሪዎችሽ ሳታሳዪ እንዳታልፊ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ኃላፊሽ ያስጠነቀቁሽን አይደለም የምልሽ። ለእኔ እውነተኛው አደጋ ከዚያ ይልቅ ለራሳችን የቀረበ ነው።

ዴሪክ ቤል የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ የሕግ ምሁር ነበሩ። ማስተማር ከመጀመራቸው በፊት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡቡ ክፍል ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አብረው እንዲማሩ የሚጠይቁ በመቶ የሚቆጠሩ ክሶችን ተከታትለዋል። በ1971 በሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ቋሚ ፕሮፌሰርነት ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ። ከዚያ በ1976 በዬል የሕግ መጽሔት ላይ የራሳቸውን ወገን የሚያም ጽሑፍ አወጡ። ወንጌሉ ለሁለት ጌቶች መገዛት አይቻልም ይላል፤ እሳቸውም ያነሱት ይህንኑ ነው። እኛ ጠበቆቹ ትግላችን ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለመቀላቀል ነበር፣ ብዙዎቹ ወላጆች ግን የፈለጉት ለልጆቻቸው የተሻለ ትምህርት ነበር። ሁለቱ ሲጋጩ እኛ የማንን ጉዳይ ነው የያዝነው? አሉ።

ይህን ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። በአንድ ወቅት ስለ አንድ የጠለፋ ፍርድ ትችት ጽፌ አሳተምኩ። ስሟን አላነሳሁም። የቀበሌውን ስም፣ የአባቷን ሥራ፣ የክፍል ደረጃዋን ግን ጽፌ ነበር። «ለዐውዱ» ያስፈልጋል ብዬ ነው። ትንሽ ከተማ ነው። ጽሑፉ ተባዝቶ እዚያው ደረሰ። ልጅቷ ሌላ ቦታ ተጠግታ አዲስ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር፤ በእኔ ምክንያት እዚያም ታወቀች። እናቷ ቢሮዬ መጥታ «እትዬ፣ እኛኮ ለመርሳት ነበር የሄድነው» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጽሑፉ ለዕድገቴ ተቆጥሮልኛል። ንቅናቄውም ወዶታል። ለልጅቷ ግን ምን አደረገላት?

ቀደም ሲል የጠቀስኩልሽ የ14 ዓመቷ ልጅ ታሪክም ኋላ ፊልም ሆኗል። በ2014 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ያመለከተችው ባለታሪኳ ራሷ ነበረች። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ትቼዋለሁ። እኔ የምይዘው አንድ ነገር ነው። የሁላችንም የትግል ምልክት ያደረግናት ሴት ታሪኩ የእኔ ነው ማለት ትችላለች፤ ስትልም መስማት አለብን።

ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲውም ከንቅናቄውም በፊት የምትቀድም ሰው አለች፤ ባለጉዳይዋ። የእሷ ጉዳይ ለንቅናቄው ምርጥ ምሳሌ ሆኖ ሳለ እሷ በስምምነት ጨርሳ መሄድ ከፈለገች ምን ታደርጊያለሽ? ዕርቅ የወንጀል ክሱን አያስቀረውም፣ ይህን ንገሪያት። አደባባይ እንድትወጣ፣ ለሚዲያ እንድትናገር፣ በጽሑፍሽ እንድትገባ ግን አትገፊያት። አንዴ «እሺ» ማለቷ አይበቃም። ከመታተሙ በፊት በምትሰማው ቋንቋ አንብቢላት። እምቢ ካለች ሌላ መዝገብ ፈልጊ። ጽሑፍሽ ይዘግይ።

ኃላፊሽ የተናገሩት ላይ ደግሞ ፍትሐዊ እንሁን። የተሳሳቱት «ወይ ይህ ወይ ያ» በማለታቸው ነው። ፍርሃታቸው ግን ባዶ አይደለም። መልሱን አስቀድሞ የያዘ ሰው መዝገብ ሲያነብ የሚፈልገውን ብቻ ያያል። እኔ ላይ ደርሷል። መዝገቦቹን ስሰበስብ ጥፋቱ የዳኞች ነው ብዬ ነበር የገባሁት። ጠለቅ ብዬ ሳይ ብዙ ጊዜ የጎደለው ማስረጃ ነው። የዕድሜ ማረጋገጫ የለም፣ የሕክምና ማስረጃው ዘግይቷል፣ ምስክሮቹ ቃላቸውን ቀይረዋል። አንዳንድ ቤተሰቦች ራሳቸው ክሱ እንዲቆም ተማጽነዋል፤ ልጅቷን ማን ያገባታል ብለው። ይህን መጻፍ ከበደኝ። ጓደኞቼም ቅር አላቸው፤ «ለጠላፊዎች መከራከሪያ ሰጠሽ» አሉኝ። ጻፍኩት። ቆይቶ ንቅናቄው ራሱ ከሰልፉ ጎን ለጎን ልጆች በጊዜ የልደት ምዝገባ እንዲኖራቸውና ጤና ጣቢያዎች ማስረጃ በወቅቱ እንዲሰጡ መወትወት ጀመረ። ለጓደኞችሽ የማይጥም ነገር ስታገኚ መጻፍ ከቻልሽ ምሁር ነሽ። ካልቻልሽ ኃላፊሽ ልክ ናቸው።

ክፍል ውስጥም ተጠንቀቂ። ተማሪዎችሽ ውጤታቸው በእጅሽ ነው። ወደ ሰልፍ ኑ ብትያቸው «አይ» ማለት የሚችሉት ስንቶቹ ናቸው? እኔ በማስተምረው ሴሚስተር ተማሪን ወደ ንቅናቄው አልጋብዝም። የሕግ ድጋፍ ማዕከል መጥተው ማገልገል ግን ሌላ ነው፤ እሱ ትምህርት ነው። ፈተና ላይም ከእኔ አቋም በተቃራኒ በደንብ የተከራከረ ተማሪ ሙሉ ነጥቡን ያገኛል።

ስለ ዋጋው ልዋሽሽ አልፈልግም። ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ዊሊ ሙቱንጋ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበሩ። የመምህራኑን ማኅበር ይመሩ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ታሰሩ፣ ያለ ፍርድ ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ፣ ሥራቸውንም አጡ። በ2011 የአገሪቱ ዋና ዳኛ ሆኑ። መጨረሻው ያምራል፣ መሃሉ ግን ረጅም ነው። የኛም አገር ታሪክ አለው። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባረዋል። የሴት ሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበርም በ2001 እ.ኤ.አ. ለተወሰነ ጊዜ ታግዷል። ከዚያ በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ በአሥር በመቶ የገደበው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621/2001 መጣና ሥራውን ክፉኛ አዳከመው። አዋጁ በ1113/2011 ተተክቷል። ይህን የምነግርሽ ልታፈገፍጊ አይደለም። ቤተሰብሽ የሚያውቀው ይሁን፣ ጥቂት ቁጠባ ይኑርሽ፣ ብቻሽን አትቁሚ።

አንዳንዴም መምረጥ ግድ የሚልበት ጊዜ ይመጣል። ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን በዋሽንግተን የሃዋርድ የሕግ ትምህርት ቤትን ከማታ ትምህርት ወደ ሙሉ ጊዜ አሳድገው፣ እነ ቱርጉድ ማርሻልን አስተምረው፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ለጥቁሮች መብት የሚሟገተውን ትልቁን ማኅበር የክስ ሥራ ለመምራት ዩኒቨርሲቲውን ለቀቁ። ጥቁርና ነጭን በሚለዩ ትምህርት ቤቶች ላይ የታቀደው የክስ ዘመቻ 1954 ላይ ድል ሲያደርግ እሳቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ችሎት የቆሙት ተማሪያቸው ማርሻል ናቸው። አንቺ ግን ገና ሦስት ዓመትሽ ነው፤ ለመልቀቅ አትቸኩዪ። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጥሽ ጊዜ፣ ቤተ መጻሕፍትና ተማሪ ንቅናቄው በራሱ የማያገኘው ሀብት ነው።

አሁን እጅ ላይ ያሉ ነገሮች። የዩኒቨርሲቲ ሥራ ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው። ሦስተኛው ለጌጥ አልተጻፈም። ገጠር የምትወርጂውን በሕግ ድጋፍ ማዕከሉ በኩል አድርጊውና በዕቅድሽ ውስጥ አስገቢው። ኃላፊሽ ዘንድ ሂጂና በወረቀት አሳውቂ። ሰልፍ ስትወጪ ወይም ለሚዲያ ስትናገሪ በራስሽ ስም ይሁን፤ የዩኒቨርሲቲው አቋም እንዳይመስል ተናገሪ። የፓርቲ ነገር ውስጥ ንቅናቄው እንዳይገባ ታገዪ፤ የገባ ዕለት ባለጉዳዮቹ ይጎዳሉ። ማስተማርሽ የጥብቅና ፈቃድ አይተካምና ፈቃድ ካለው ሰው ጋር ሥሪ።

ጽሑፍ ላይ በፍርድ ትችት ጀምሪ። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። አንዱን የሰበር ውሳኔ በደንብ የተቸ አሥር ገጽ፣ ስለ ሴቶች መብት በጥቅሉ ከተጻፈ ሃምሳ ገጽ ይበልጣል። መጽሔት አይጠፋም፤ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት አለ፣ ሚዛን አለ፣ ሐረማያ፣ ጅማና ባሕር ዳርም የራሳቸው አላቸው።

አንድ ነገር ግን በጣም እለምንሻለሁ። መጽሔቶቻችን ላይ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። የወረዳው ዳኛ፣ መርማሪዋ ፖሊስ፣ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያዋ የሚሠሩት ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ ነው። ለዕድገት ያሳተምሽውን ያንኑ ነገር በአካባቢሽ የሥራ ቋንቋ በአራት ገጽ ጻፊውና ለፍርድ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጪ። ነጥብ አያስገኝም። እኔ ግን ከጻፍኩት ሁሉ ችሎት ውስጥ ሲጠቀስ የሰማሁት እንደዚያ ያለውን አንዱን ብቻ ነው።

«አንቺ ወረቀት ስትጽፊ ልጆቹ እየተዳሩ ነው» ላሉሽ ጓደኞችሽ አትቆጪ፤ እውነታቸውን ነው፣ ያማል። መዝገቦቹን ይዘሻቸው ሂጂ። አብራችሁ አንብቡ። የትኛው ላይ ይግባኝ ማለት ይቻል እንደነበር፣ ጊዜው እንዴት እንዳለፈ አሳዪያቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ቀን ቆጥረው የሚጠብቁት እነሱ ይሆናሉ።

የመጀመሪያው እርምጃሽ ቀላል ነው። በአካባቢሽ ፍርድ ቤት የተዘጉ የጠለፋ መዝገቦችን ለማየት ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፊ። ኃላፊሽ ይህን ይፈርማሉ፤ ምርምር ነውና። ሬጅስትራር ቢሮ ስትሄጂ ጠዋት ሂጂ። ፍርድ ቤቶች ለክረምት ሳይዘጉ ግልባጮቹን ውሰጂ።